መጽሐፉን ያነበበው ልጅ ምን አለ?



ዛሬ የምናገረው ልጆች ስላነበቧቸው የጀብዱ መጻሕፍት ስለሚሰጡት አስተያየት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ከጨዋታ እንቆጥረዋለን። ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ «አሪፍ ነው!» ይላል፤ እኛም «ጎበዝ» ብለነው ወደ ሥራችን እንመለሳለን። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ቆሞ የሚሰማው የለም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር እውነተኛ ፍርድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጆች ስለሚወዱት መጽሐፍ ሲናገሩ ሰምቶ መወሰን ለደራሲም፣ ለአሳታሚም፣ ለመምህርም የሥራው አካል ሊሆን ይገባል። ይህን የምለው ልጆችን ለማስደሰት ብዬ አይደለም። በሥራ የታየ ነገር ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1936 ሬነር አንዊን የተባለ የ10 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ አንድ ያልታተመ ረቂቅ አንብቦ አጭር ሪፖርት ጻፈ። አባቱ ስታንሊ አንዊን የመጽሐፍ አሳታሚ ነበር። የልጆች መጽሐፍ ረቂቅ ሲመጣለት ለልጆቹ ይሰጣል፤ የልጆችን መጽሐፍ ከልጅ የተሻለ የሚዳኘው የለም የሚል እምነት ነበረውና። በነጻ አላሠራቸውም፤ ለአንድ ሪፖርት አንድ ሺልንግ ይከፍል ነበር።

ረቂቁ የኦክስፎርዱ መምህር ጄ. አር. አር. ቶልኪን የጻፈው «ዘ ሆቢት» ነው። ከቤቱ መውጣት የማይወድ አንድ ትንሽ ፍጡር ከ13 ድንኮች ጋር ሆኖ ዘንዶ የተኛበትን ወርቅ ሊያስመልስ ይሄዳል። ሬነር በሪፖርቱ መጀመሪያ ታሪኩን ተረከ፤ ዘንዶው መገደሉን፣ ከዚያ የተነሣውን ከባድ ውጊያ፣ ጀግናው ሀብታም ሆኖ ወደ ቤቱ መመለሱን ጻፈ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ፤ ካርታዎች ካሉት ሥዕል አያስፈልገውም፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን ሁሉ ደስ ያሰኛል አለ። መጽሐፉ በሴፕቴምበር 1937 ወጣ። የመጀመሪያው እትም፣ 1,500 ቅጂ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ተሸጦ አለቀ።

በዚህች አጭር ሪፖርት ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ልጁ ስለ ካርታው የተናገረውን ተመልከቱ። የጀብዱ መጽሐፍ አንባቢ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው የት እንዳለ ነው፤ ወንዙ ወዴት ነው? ተራራው ምን ያህል ይርቃል? በየትኛው መንገድ ማምለጥ ይቻላል? የጀግናውን ፊት ራሱ በልቡ መሳል ይችላል። አገሩን ግን ሲጠፋበት ታሪኩ ይጠፋበታል። የ10 ዓመት ልጅ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ዕድሜውን ደግሞ ተመልከቱ፤ ለ10 ዓመት ልጅ አላለም፤ እስከ 9 ድረስ አለ። እሱ ያንን አልፎታል፤ ስለ ታናናሾቹ ነው የሚናገረው። በዚህ በኩል ግምቱ ጠባብ ነበር፤ መጽሐፉን አዋቂዎችም ወደዱት። ይሁንና «ጥሩ ነው» ማለቱ ትክክል ነበር፤ አባቱም የተቀበለው እሱን ነው።

ሬነር አደገ፤ በአባቱ ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ ሆነ። ቶልኪን ቀጣዩን፣ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» የተባለውን ትልቅ ሥራ ሲያመጣ ወጣቱ ሬነር መጽሐፉ ድርጅቱን አንድ ሺህ ፓውንድ ሊያከስር እንደሚችል ለአባቱ ጻፈ፤ ነገር ግን የሊቅ ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። አባትየው ያንን የምታምን ከሆነ አንድ ሺህ ፓውንዱን ልታከስር ትችላለህ የሚል መልስ ሰጠው። መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል ታተመ፤ ዓለምም አነበበው። አባት በልጁ ፍርድ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ለማስያዝ የደፈረው በአንድ ቀን አይመስለኝም። ከሺልንጓ ዘመን ጀምሮ ሲያዳምጠው የኖረ ልጅ ነበር።

ሌላው ታሪክ ከሬነር ሪፖርት 55 ዓመት ይቀድማል። በ1881 በአውሮፓ በጋ ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከቤተሰቡ ጋር በስኮትላንድ ብሬማር በምትባል መንደር ነበር። ዝናቡ ከቤት አላስወጣቸውም። ከሚስቱ ልጅ ከሎይድ ጋር በውሃ ቀለም ሥዕል እየሳሉ ሳለ ስቲቨንሰን የአንድ ደሴት ካርታ ሳለ። ካርታውን ሲያየው ታሪክ መጣለት። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ እየጻፈ ማታ ማታ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ዛሬ «ትሬዠር አይላንድ» ብለን የምናውቀው፣ የተደበቀ ሀብት ያለባት ደሴት ታሪክ የተጻፈው በዚህ ሁኔታ ነው።

አድማጮቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የመብራት ቤቶች መሐንዲስ የነበሩት የስቲቨንሰን አባት የድሮው መርከበኛ ሣጥን ሲከፈት በውስጡ ምን ምን መገኘት እንዳለበት ራሳቸው ዘርዝረው ሰጡት። ልጁ ሎይድም ድምፁን አሰማ፤ በታሪኩ ውስጥ ሴት አይግባበት አለ። ስቲቨንሰንም ፈቃዱን ከሞላ ጎደል ፈጸመ። ታሪኩ «ያንግ ፎክስ» በተባለ የልጆች መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፤ በ1883 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ልጅን እንስማ ስል ልጅ ያለው ሁሉ ይጽደቅ ማለቴ አይደለም። የሎይድ ጥያቄ መጽሐፉን ለጊዜው ለልጁ ጣፋጭ አድርጎታል፤ ሴት ልጅ ግን በዚያ መርከብ ላይ ራሷን የምታገኝበት ቦታ የለም። ይህን መልሶ የሚያርመው የአዋቂ ቁጣ አይደለም፤ የሌላ ልጅ አስተያየት ነው። በመጽሐፍ ውስጥ የጎደላቸውን ራሳቸው የሞሉ ልጆች አሉ፤ ካትሪን ሀል እና ፓሜላ ዊትሎክ የተባሉ ሁለት የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ከነጎድጓድ ዝናብ ተጠልለው ሳለ ተዋወቁ። የአርተር ራንሰምን የልጆች ጀብዱ መጻሕፍት የሚወዱ ናቸው፤ በራንሰም መጻሕፍት ውስጥ ግን ጀልባ ነው የሚነዳው፤ እነሱ የሚፈልጉት ፈረስ ነው። ስለዚህ ተቀምጠው የራሳቸውን መጽሐፍ ጻፉ። ረቂቁን ለራንሰም ላኩለት፤ እሱም ለአሳታሚው ወሰደው፤ «ዘ ፋር ዲስታንት ኦክሰስ» ተብሎ በ1937 ታተመ፤ ልክ «ዘ ሆቢት» በወጣበት ዓመት። ስላነበቡት መጽሐፍ ያላቸው ሐሳብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

የኛም ቋንቋ ቢሆን በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በተለምዶ «ጦብያ» የምንለው መጽሐፍ፣ ጀብዱ የሞላበት ነው። በውስጡ ጦር አለ፣ ምርኮ አለ፣ ውለታ የዋለላቸውን ነጋዴ ፍለጋ የወጣ ወንድም አለ፤ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጃገረድ አለች። በትምህርት ቤት ስለ መጽሐፉ የምንማረው ግን «የመጀመሪያው ነው» የሚለውን ነው። የዛሬ ዘመን የ12 ዓመት ልጃገረድ ጦብያ ስትጓዝ፣ ስትደበቅ፣ እንዳትታወቅ ስትጨነቅ ያለውን ታሪክ በሚገባት አማርኛ ብታነበው ምን እንደምትል መስማት እፈልጋለሁ። እንደሚመስለኝ ስለ ቀዳሚነቱ አንድም ቃል አትናገርም፤ ልብሷ ሊገለጥ ሲል ስላለው ቅጽበት ነው የምታወራው።

ልጅ ለሚሰማው ታሪክ መልስ መስጠት ለኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ካላሉ ተረቱ አይነሣም። መሐል ላይ «ከዚያስ?» የሚል ሲጠፋ አያት ያሳጥሩታል፤ የልጆቹ ዐይን ሲፈጥ ደግሞ ጅቡን አንድ ጊዜ ጨምረው ያስጮኹታል። በእንቆቅልሽ መልስ ያጣ ልጅ አገር ይሰጣል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ጠያቂ ይሆናል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ልጆችን ከፊታቸው አስቀምጠው ነበር፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ለካሜራ ብቻ አላወሩም። ጀብዱም ቢሆን ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ከአንድ መምህር ወደ ሌላ መምህር አገር ሲያቋርጥ የኖረው ሕይወት ከየትኛውም መርከብ ታሪክ አያንስም፤ ለልጆች በልካቸው ተጽፎ ማየት ከምመኛቸው ታሪኮች አንደኛው እርሱ ነው።

መጽሐፍ ግን ለብዙ ልጆቻችን የመጣው ከፈተና ጋር ተቆራኝቶ ነው። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ የሚጠብቁት ጥያቄዎች ይታወቃሉ፤ ዋና ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ጭብጡ ምንድን ነው? ከታሪኩ ምን ትምህርት አገኛችሁ? በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ የጀብዱን መጽሐፍ ያመነምነዋል። ልጁ ዋሻ ውስጥ ገብቶ፣ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ልቡ ተሰቅሎ ነው የመጣው፤ እኛ ደግሞ «ታታሪ መሆን እንዳለብኝ ተማርኩ» እንዲለን እንጠብቃለን። ልጁም ብልህ ነው፤ የምንፈልገውን ያውቃል፤ ያንኑ ይነግረናል። እንዲህ ባለው መልስ ውስጥ መጽሐፉም ልጁም የሉም።

አይደን ቼምበርስ የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲና መምህር በ1993 «ቴል ሚ» በተባለ መጽሐፉ ሌላ መንገድ አሳየ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ ከመጽሐፉ ምን ወደድህ? ምን አልወደድህም? ምን ግራ አጋባህ? ደጋግሞ የመጣ ወይም እርስ በርሱ የተያያዘ ነገር አስተዋልህ? ቼምበርስ «ለምን?» ብሎ መጠየቅን አይመክርም፤ ጥያቄው ለልጅ ይከብደዋል፣ የምርመራም መንፈስ አለው። በእኛ ቤት ደግሞ ልጅ ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ብርጭቆ ሲሰብር ወይም ሲያመሽ ነው። «እስቲ ንገረኝ» ሲባል ግን ይናገራል። ከአራቱ ጥያቄዎች እኔ ከሁሉ የማከብረው ሦስተኛውን ነው። ልጅ ያልገባውን ነገር ሳያፍር በጓደኞቹ ፊት ሲያወጣ፣ ሌላው ልጅ ደግሞ «እኔ የመሰለኝ…» ብሎ ሲነሣ፣ ያኔ አዋቂው ዝም ማለት አለበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆች ጋር በማነብበት ክፍል «ትሬዠር አይላንድ»ን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንብቤላቸው ነበር። የታሪኩ ጀግና ጂም የተባለ ልጅ ነው። የመርከቡ ወጥ ቤት ባለ አንድ እግሩ ሎንግ ጆን ሲልቨር ደስ የሚል ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የወንበዴዎቹም አለቃ ነው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ከረጢት ገንዘብ ይዞ ያመልጣል። አንዱ ልጅ ተቆጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ልክ አይደለም! ሰው ገድሎ እንዴት ያመልጣል?»

«እኔ ግን በማምለጡ ደስ ብሎኛል» አለች ከጎኑ ያለችው።

«ነፍሰ ገዳይ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግን ጂምን ሊገድሉት ሲሉ ማን አስጣለው?»

ከኋላ የተቀመጠው ትንሹ ልጅ እስከዚያ ድረስ አልተናገረም ነበር። «ያስጣለው ለራሱ ብሎ ነው» አለ። «ጂም ከሞተ እሱም ይሰቀላል።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እሺ፤ ለራሱም ይሁን። ጂም ግን ይወደው ነበር» አለች።

ይህን ክርክር «ጭብጡ ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ማንም ሊያመጣው አይችልም። ክፉ ሰው በጎ ሥራ ሲሠራ ምን እንበለው? በጎ ሥራ ለጥቅም ሲሠራ በጎነቱ ይቀራል? የምንወደው ሰው ጥፋተኛ ሲሆን ፍቅራችን ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ታላላቅ ጥያቄዎች ናቸው፤ ልጆቹ ያነሷቸው ስለ አንድ ባለ ክራንች መርከበኛ እየተከራከሩ ነው። እኔ ፍርዱን አልሰጠሁም። ብሰጥ ኖሮ ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆም ነበር። ሦስቱም ሲወጡ ገና እየተከራከሩ ነበር።

ልጆች ሲናገሩ እንዴት እንደምንሰማ ደግሞ ልጨምር። ልጅ ስለ መጽሐፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል፤ አዋቂ ይሰለችና «እሱን ተወው፤ አስተያየትህን ንገረኝ» ይለዋል። ትረካው ራሱ አስተያየት ነው። ሦስት ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ዘሎ ድልድዩ ሲሰበር ያለውን ገጽ በዝርዝር የሚተርክ ልጅ መጽሐፉ የት እንደያዘው እየነገራችሁ ነው። «ይደብራል» ሲልም አትገሥጹት። የት ላይ እንደደበረው ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ገጹን በትክክል ያሳያችኋል፤ እዚያ ገጽ ላይ ደራሲው ታሪኩን አቁሞ ምክር መስጠት ጀምሯል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መጽሐፍ ሲኖር ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ በነበረ ጊዜ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ መታጣቱ አንገበገባቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በባለ ቀለም ሥዕል አሳተሙ። ከዚያ «ኢትዮጵያ ሪድስ» በተባለው ድርጅታቸው በኩል በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በ2005 ደግሞ በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። መጽሐፍ ወደ ልጆች ሰፈር ሄደ። ይህ ሥራ ሊከበርና ሊስፋፋ ይገባዋል። እኔ በዚያ ላይ እንዲጨመር የምጠይቀው መጽሐፉ ከልጆች ሰፈር ሲመለስ የልጆቹም ድምፅ አብሮት እንዲመለስ ነው።

በውጭ አገር ልጆቻችሁን ለምታሳድጉ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥ ወይም በጀርመንኛ የጀብዱ መጽሐፍ ያነብባል፤ ቋንቋውን እናንተ እንደሱ ላትችሉት ትችላላችሁ። ታሪኩን በአማርኛ ለአያቱ በስልክ እንዲነግር አድርጉ። ቃል ሲያጣ አያቱ ያቀብሉታል፤ «ከዚያስ?» ይሉታል። ዘንዶውን ለማስረዳት ሲል የሚፈልገው አማርኛ በቋንቋ ክፍል ከሚሰጠው የቃላት ዝርዝር ይልቅ አብሮት ይቆያል፤ ለሚወደው ነገር የፈለገው ቃል ነውና።

መናገር የማይፈልግ ልጅም አለ። ፈረንሳዊው ደራሲና መምህር ዳንኤል ፔናክ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ለአንባቢ አሥር መብቶችን ዘርዝሯል፤ ገጽ የመዝለል መብት አለበት፤ ያለመጨረስ መብት አለበት፤ አሥረኛው ስላነበቡት ዝም የማለት መብት ነው። በዚህ እስማማለሁ። አንዳንድ ልጅ መጽሐፉን አቅፎ ይዞት ይመጣል፤ ሲጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። አታስገድዱት። «ሁለተኛው ክፍል አለ?» ብሎ ከጠየቀ አስተያየቱን ሰጥቷል።

በመጨረሻም ወደ እናንተ፣ ደራስያንና አሳታሚዎች፣ እመለሳለሁ። የልጆች መጽሐፍ ረቂቅ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉ ለአሥር ልጆች ስጡ፤ ግማሾቹ ከአዲስ አበባ ውጭ ይሁኑ፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ አያንሱ። ሁለት ሳምንት ስጧቸው። ያቆሙበትን ገጽ ምልክት ያድርጉበት፤ ያልገባቸውን ቃል ያስምሩበት፤ ካርታ ቢኖረው ይሻል እንደሆነ ጠይቋቸው። ሲነጋገሩ ደራሲው በክፍሉ ውስጥ አይገኝ፤ ልጆች ደራሲው ፊታቸው እያለ ጨዋ ይሆናሉ። የተናገሩትን ሳታሳምሩ እንዳሉት ጻፉት። ስማቸውንም ወላጆቻቸው ከፈቀዱ በመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ ከአርታዒው ስም ቀጥሎ አስፍሩት። ለሥራቸው ደግሞ ክፈሏቸው፤ ስታንሊ አንዊን ከፍሏል።